ብሩሽ ላይ የተገኘው ሣረንስት

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጋሽ ፖስታ ሞኝ አልነበሩም፤ ወረቀት ነበሩ ቢባል ግን ማጋነን አይሆንም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት፣ የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ክፍል፣ ወረቀት ሲያጥፉ ኖረዋል። ትልልቁ ተክል ካርቶን ላይ ተሰፍቶ ይቀመጣል። ሣረንስት ግን፣ ያ ድንጋይና ግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚለጠፈው አረንጓዴ ነገር፣ ካርቶን ላይ አይሰፋም። ይደርቅና በእጅ በታጠፈ የወረቀት ፖስታ ገብቶ መሳቢያ ውስጥ ይደረደራል። በዚያ ክፍል አሥራ አንድ ሺህ ያህል እንዲህ ያለ ፖስታ አለ፤ ከዘጠኝ ሺህ የማያንሰውን ያጠፉት እሳቸው ናቸው። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው። የሥራ መደባቸው "የናሙና ረዳት ቴክኒሺያን ሁለት" ይባላል። "ሦስት" ለመሆን ዲግሪ ይጠይቃል፤ ዲግሪ ያላቸው ደግሞ ምድር ቤት አይወርዱም።

በየፖስታው ፊት መግለጫ ይለጠፋል፦ የት ተገኘ፣ ምን ላይ በቅሎ ተገኘ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ሰበሰበው። ለሌላው ሠራተኛ ይህ ቅጽ መሙላት ነው። ለጋሽ ፖስታ ግን ፍርድ ቤት ቆሞ ከመማል አይለይም። አንድ ጊዜ ውጭ አገር ተምረው የመጡ ፕሮፌሰር መግለጫው ላይ "ወንዝ ዳር" ብለው ጽፈው ቢያመጡላቸው፣ "የትኛው ዳር? ወንዝ እኮ ሁለት ዳር አለው" ብለው መለሱላቸው። ፕሮፌሰሩ ጦፉ። ጋሽ ፖስታ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ናሙናውን ሳይመዘግቡ አስቀመጡት፤ እስከ ዛሬም አልተመዘገበም።

ቤታቸውም ከዚህ አመል አልዳነም። የስኳሩ ቆርቆሮ ላይ "ስኳር፤ ከማዕዘኑ ሱቅ፤ ማክሰኞ" የሚል ተለጥፏል። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑን ለሁለት ከፍላ በአንዱ ወገን ማሽኗን አስቀምጣለች። ደንበኞቿ ቆርቆሮውን አይተው ሲስቁ፣ "እኔ ላይ ያልለጠፈብኝ የት እንዳገኘኝ ስለሚያስታውስ ነው" ትላቸዋለች።

የዚህ ታሪክ መነሻ አንድ ውድቀት ነው፤ የእውነቱን ውድቀት ማለቴ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጋሽ ፖስታ ተማሪዎችን ይዘው አንድ የተራራ ጅረት ወጡ። ጅረቱን ሊሻገሩ አንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ እግራቸውን ሲያሳርፉ እግራቸው ከዳቸውና በጎናቸው ተዘረሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ወገቡን ይዞ እየተራገመ ይነሣ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው ከድንጋዩ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ስለ ተገናኘ፣ እዚያው እንደ ተኙ ማጉያ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ተማሪዎቹ "ሞቱ እንዴ?" እያሉ ሲንጫጩ፣ "ዝም በሉ፣ ውሃውን አታደፍርሱ" የሚል ድምፅ ከወደ ታች ሰሙ።

ድንጋዩ ላይ ያለው ሣረንስት ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ ነው። ቅጠሉ ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። በቅጠሉ መሐል አንድ ጅማት ያልፋል፤ ጋሽ ፖስታ በሚያውቋቸው የጅረት ሣረንስቶች ሁሉ ይህ ጅማት ቀጥ ብሎ ጫፍ ይደርሳል። የዚህኛው ግን ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ለሁለት ይከፈላል። አንዱን ቅጠል አዩ፤ ተከፍሏል። ሃያ ቅጠል አዩ፤ ሃያውም ተከፍሏል። ተነሥተው ተቀመጡና ማስታወሻቸውን አውጥተው እንደ ልማዳቸው ሁሉንም ጻፉ፦ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የድንጋዩን ዓይነት። መጨረሻ ላይ፣ እውነት እንዳይጎድል፣ "በጣም ያንሸራትታል፤ ሰብሳቢው ወድቋል" ብለው ጨመሩበት።

አዲስ ዝርያ አገኘሁ ማለት ቀላል ነው፤ ከባዱ ሌላው ሁሉ አለመሆኑን ማሳየት ነው። ጋሽ ፖስታ ቅጠሉን በምላጭ እንደ ሽንኩርት እየከተፉ፣ በምሳ ሰዓት ማይክሮስኮፕ እየተዋሱ፣ ከአሥራ አራት የታወቁ ዝርያዎች ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት። በአካባቢው ያሉትን ሰባት ጅረቶች በእንብርክክ ፈተሹ፤ ከዚያች ከአንዲቷ በቀር የትም አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት ስምንት ገጽ ጽፈው ባሕር ማዶ ላለ የሣረንስት መጽሔት ላኩ። የመጽሔቱ አዘጋጅ በደብዳቤ ብቻ የሚያውቋት አንዲት አሮጊት ናት።

መልሷ አጭር ነበር። አዲስ መሆኑን አልጠራጠርም፣ ግን ጥርሱን አላሳየኸኝም አለች።

ሣረንስት አበባ የለውም። በአንድ ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ እንክብል ያወጣል፤ እንክብሉ ሲበስል ክዳኑ ይወድቅና በአፉ ዙሪያ ጥቃቅን ጥርሶች ይታያሉ። ፈረስ በጥርሱ ዕድሜው እንደሚታወቅ፣ ሣረንስትም የማን ወገን እንደ ሆነ የሚታወቀው በጥርሱ ነው። ያለ ጥርስ ጽሑፉ አይታተምም። እንክብሉ ደግሞ የሚበስለው በዓመት አንዴ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

ጋሽ ፖስታ ዘጠኝ ወር ጠበቁ። ዝናቡ ሲያባራ ወጥተው አዩት፤ እንክብሎቹ ገና አረንጓዴ ናቸው። "አሥራ አምስት ቀን" አሉ ለራሳቸው። ተመልሰው የመኪና መጠየቂያ ሞሉ። ቅጹ "ምክንያት" የሚል ቦታ ነበረውና፣ ምክንያት ከተባለ ሙሉ ይሁን ብለው ስምንቱንም ገጽ፣ የወደቁበትንም ማስታወሻ፣ አያይዘው ላኩ። ወሬው ዳይሬክተሩ ጆሮ የደረሰው እንዲህ ነው።

ዳይሬክተሩን አንቱ ማለት ይገባ ነበር። ግን ዕድሜው ከጋሽ ፖስታ የበኩር ልጅ አይበልጥም፣ አንቱታውን የሚያዘንቡለትም ሞልተዋል፤ እኛ እሱ ብንለው አይጎድልበትም። ተቋሙን ከያዘ አራት ዓመቱ ሲሆን ምድር ቤት የወረደው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በሩን ሁለት ጊዜ ተሳስቶ አንዴ መጸዳጃ ቤት፣ አንዴ የመጥረጊያ ማስቀመጫ ከፍቶ ደረሰ።

"ጋሽ ፖስታ! አዲስ ዝርያ አግኝተን እንዲህ ዝም ይባላል?"

"አግኝተን" የምትለዋን ቃል ጋሽ ፖስታ ልብ አሏት፤ አላነሷትም። "ገና ነው ጌታዬ። ጥርሱን ላመጣ መኪና ነው የጠየቅኩት።"

"መኪና ምን ችግር አለው! በደንብ ነው የምናደርገው። ክቡር እንግዳ ከላይ ይመጣሉ፤ እዚያው ጅረቱ ላይ ይፋ እናደርገዋለን።"

በሳምንቱ ሦስት ኮሚቴ ተቋቋመ፦ የድንኳን፣ የኮፍያና ቲሸርት፣ የስያሜ። የስያሜ ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ሣረንስቱ በዳይሬክተሩ ስም እንዲጠራ ሦስት ጊዜ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ዳይሬክተሩ በመጀመሪያው ስብሰባ "ኧረ አይገባኝም" አለ፤ በሁለተኛው "እናንተ ካላችሁ" አለ፤ ሦስተኛውን ራሱ መራው። የቲሸርት ኮሚቴው ደግሞ ሣረንስት ጨርቅ ላይ ቢታተም ሻጋታ ይመስላል ብሎ በምትኩ የዛፍ ቅጠል አሳተመ።

መኪናው ግን አልተገኘም። መጀመሪያ ሲጠይቁ ድንኳን ሊያመጣ ሄዷል ተባሉ፤ ሁለተኛ ሲጠይቁ ድንኳኑ ጠቦ ሊቀየር ሄዷል ተባሉ፤ ሦስተኛ ጊዜ ሾፌሩ ራሱ ኮፍያ ሊለካ ሄዷል። አሥራ አምስቱ ቀን አለፈ። ጋሽ ፖስታ እንቅልፍ አጡ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት፣ ወንበር የጫነ የጭነት መኪና ሊወጣ ሲል ደረሱበትና ከተቆለሉት ወንበሮች ላይ ጉብ ብለው ወጡ። በኪሳቸው ወረንጦ፣ ማጉያ መነጽርና አሥር የታጠፉ ፖስታዎች ነበሩ።

ሲደርሱ ድንጋዮቹ ነጭ ነበሩ።

አሥራ ሁለት ሴቶች ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ጅረቱ ውስጥ ቆመው፣ በብሩሽና በዱቄት ሳሙና ድንጋይ ይፈገፍጋሉ። አረፋው ቁልቁል ይወርዳል። ጋሽ ፖስታ ከወንበሮቹ ላይ ወርደው እየሮጡ ጅረቱ ጋ ደረሱ። ዳር ላይ የቆመው የተቋሙ የመስተንግዶ ሠራተኛ ፈገግ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸውና ትእዛዙን አሳያቸው፤ ማኅተሙ ክብ፣ ፊርማው ረጅም ነው። "የተቋማችን ባለሙያ በጽሑፍ እንዳረጋገጡት፣ በቦታው የሚገኘው ነገር በጣም የሚያንሸራትትና ሰው የጣለ በመሆኑ፣ ከክቡር እንግዳው ደኅንነት አንጻር ከድንጋዮቹ ሁሉ ላይ ተፈግፍጎ እንዲጸዳ" ይላል። ስምንት ገጽ ጽፈው ተቋሙ ያነበበው ያቺን አንድ መስመር ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኸው ነው።

"ምነው ጋሼ፣ ጥሩ አልጸዳም?" አለ የመስተንግዶ ሠራተኛው።

ጋሽ ፖስታ ከነጫማቸው ውሃው ውስጥ ገብተው አንድ ነጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንደ ልጅ አለቀሱ።

የአጣቢዎቹ አለቃ፣ ራሷን በሻሽ ጠፍንጋ ያሰረች ጎልማሳ ሴት፣ ብሩሿን እንደ ያዘች መጣች። "አባቴ፣ ምን ሆኑ? ዕቃ ወደቀብዎት እንዴ?"

"እህቴ፣ ይሄ የፈገፈጋችሁት ነገር የት ሄደ?"

"ውሃው ወሰደዋ። ቆሻሻ አይደል እንዴ?"

ጋሽ ፖስታ ቀና አሉ። ዓይናቸው ሴትዮዋ እጅ ላይ አረፈ። "ብሩሹን አለቅልቀሽዋል?"

"ገና ነኝ።"

"እንዳታለቀልቂው! የማናችሁም ብሩሽ እንዳይነከር!"

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አለቃቸው በዝግታ፣ "ጤና የላቸውም መሰለኝ፣ ግን ጨዋ ናቸው፤ ስጧቸው" አለች። አሥራ ሁለቱ ብሩሽ ዳር ላይ ተደረደረ። ጋሽ ፖስታ እንብርክክ ብለው በወረንጦ ከየብሩሹ ፀጉር መሐል አረንጓዴ ክር ይለቅሙ ጀመር። አብዛኛው ተጨፍልቋል። በአራተኛው ብሩሽ አንድ እንክብል፣ በሰባተኛው ሁለት፣ በመጨረሻው ደግሞ ሦስት ተገኘ። ከስድስቱ ሁለቱ ብቻ ሙሉ ጥርስ አላቸው። ማጉያውን አስጠግተው ቆጠሩ፤ እንደ ገና ቆጠሩ።

"ምን ያያሉ?" አለች አለቃዋ። ማጉያውን ሰጧት፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና ጎንበስ አለች።

"ውይ! ጥርስ አለው እኮ!"

"አሥራ ስድስት" አሉ ጋሽ ፖስታ።

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ብሩሿን፣ ከዚያ ድንጋዮቹን አየች። "እኛ እኮ ታዘን ነው" አለች፤ ድምፅዋ ቀዝቅዟል።

"አውቃለሁ እህቴ። ያዘዘሽ እኔ የጻፍኩት ወረቀት ነው።"

በማግሥቱ በዓሉ አማረ። ክቡር እንግዳው ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ፣ ሳያንሸራትታቸው ተሻገሩ። ሪባን ቆረጡና ዙሪያቸውን አይተው፣ "ታዲያ የታል?" አሉ። ዳይሬክተሩ ዓይኑ ሳይርገበገብ፣ "ለበለጠ ጥበቃ ወደ ተቋማችን ተዛውሯል" አለ። እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "ጅረቱም ንጹሕ ነው" ብለው አመሰገኑ። ተጨበጨበ። ጋሽ ፖስታ ምድር ቤት ነበሩ፤ የዛፍ ቅጠል ያለበትን ቲሸርት ለብሰው ለመቆም ልባቸው አልፈቀደም።

እዚያው ምድር ቤት ሁለቱን እንክብሎች አዲስ ፖስታ ውስጥ አስገብተው መግለጫውን ጻፉ። የት ተገኘ፣ ግልጽ ነው። መቼ፣ ግልጽ ነው። "ምን ላይ ተገኘ" የሚለው ጋ ሲደርሱ እስክሪብቶው ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ "ፕላስቲክ የልብስ ብሩሽ ላይ" ብለው ጻፉ።

ዳይሬክተሩ ረቂቁን አይቶ አስጠራቸው። "ድንጋይ ላይ ቢሉት ምን ይጎድላል?"

"ከድንጋይ ላይ አላነሣሁትም ጌታዬ።"

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? 'ዝርያው በዓለም ላይ በዚህ አንድ ቦታ ብቻ ይታወቅ የነበረ ሲሆን ቦታው ታጥቧል' ይላል። ጠፋ ማለት ነው?"

"ነው።"

ዳይሬክተሩ አሰበ፤ አስቦም በማግሥቱ የስያሜ ኮሚቴውን ጠራ። አራተኛው ስብሰባ፣ ሕያው አመራር በሟች ነገር መጠራቱ ተገቢ ስላልሆነ ስሙ እንዲነሣለት በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ሣረንስቱም በላቲን "ባለ መንታ ጅማት" ተባለ፤ ከመጀመሪያውም ጋሽ ፖስታ ያሰቡት ስም እሱ ነበር። አሮጊቷ አዘጋጅ፣ "በአርባ ዓመት ሥራዬ ግንድ ላይ፣ አጥንት ላይ፣ አንዴም አሮጌ ጫማ ላይ የተባለ አይቻለሁ፤ ብሩሽ ግን ስሕተት ይሆን?" ብላ ጻፈች። ጋሽ ፖስታ የሆነውን ሁሉ በአንድ ገጽ ነገሯት። ምንም ሳትለውጥ አተመችው።

መጽሔቱ እንደ ወጣ ጋሽ ፖስታ ፈቃድ ወስደው በሕዝብ አውቶቡስ ለብቻቸው ወደ ጅረቱ ወጡ። ለምን እንደሚሄዱ ባለቤታቸው ብትጠይቃቸው፣ "ለቅሶ ልደርስ" አሏት። ከጅረቱ ዝቅ ብሎ ያቺ የአጣቢዎቹ አለቃ የራሷን ልብስ ታጥባለች። አወቀቻቸው። እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተነሣችና ዙሪያውን ቃኘት አደረገች።

"አባቴ፣ ይምጡማ" አለች፤ እያሻገረች አንድ ትልቅ ድንጋይ ጋ አደረሰቻቸው። "ያን ቀን ጥርሱን ካሳዩኝ በኋላ፣ ከመታጠፊያው ወዲህ ያለው ይኼ ድንጋይ ብቻ ቀርቶን ነበር። 'እሱን ለኔ ተዉት' አልኳቸው። ላዩን ፈገፈግኩት፤ ሆዱን ግን አልነካሁትም። አንዷ 'ሊፈትሹ ቢመጡስ?' ብትለኝ፣ 'ሹም ጎንበስ ብሎ ሲያይ አይተሽ ታውቂያለሽ?' አልኳት።"

ጋሽ ፖስታ ከነልብሳቸው ውሃው ውስጥ ተኙ። ከድንጋዩ ሆድ በታች፣ ጥላው ውስጥ፣ ነበረ። አሮጌዎቹ እንክብሎች ተከፍተው ዘራቸውን በትነዋል፤ አጠገባቸው አዲስ ቡቃያ ብቅ ብሏል። አንዲት ክር እንኳ አልነኩም። ተነሥተው ማስታወሻቸውን አወጡ፣ ቀኑን ጻፉ፤ ከዚያ ቆሙ። ቀኑንም ሰረዙት።

ይህ ሁሉ ሳይታወቅ ከባሕር ማዶ ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር። ብሩሹ በዓለም ላይ ወሬ ሆነ፤ የተቋሙ ስም ባልሆነ መንገድ ተነሣ። ዳይሬክተሩ ለሁለተኛ ጊዜ ምድር ቤት ወረደ፤ አሁን በሩን አልሳተም። የያዘውን ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ጅረቱ ድረስ የሚወስድ የሲሚንቶ ደረጃ፣ የብረት አጥር፣ መብራት፣ ለእንግዶች ከፍ ያለ መቆሚያ፣ ከመሐል ደግሞ ባዶ ክብ።

"አንዲት ክር ከተረፈች እዚህ መሐል እናደርጋትና እንደ ገና ይፋ እናደርጋለን" አለ፤ ጣቱን ክቡ ላይ አድርጎ። "ክቡር እንግዳው ዝግጁ ናቸው። ጋሽ ፖስታ፣ እርስዎ አይዋሹም፤ ይኼንን ተቋሙ ሁሉ ያውቃል። አንድ ቃል ይንገሩኝ። ተርፏል?"

ጋሽ ፖስታ ንድፉን አዩ። የሲሚንቶው ደረጃ በቀጥታ በዚያ ትልቅ ድንጋይ ላይ ያልፋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፏቸው መግለጫዎች ሁሉ ከመሳቢያ ውስጥ የሚያዩዋቸው መሰላቸው።

"የለም ጌታዬ። አልቋል።"

"በጽሑፍ ይስጡኛ።"

ጻፉ። የት፣ መቼ፣ ማን እንዳየ፤ በዚያው በሚታወቀው ንጹሕ ጽሕፈታቸው። "ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል" ብለው ፈረሙ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን እንደ እውነት ተቀብሎ ሄደ፤ ያ እጅ ሐሰት ጽፎ አያውቅማ።

ማታ ቤት ገብተው ሳይቀመጡ ለባለቤታቸው ነገሯት። የስፌት ማሽኗን አቆመች።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'ይሄ ቀሚስ ያምርብኛል?' ብዬ ስጠይቅህ፣ 'ትከሻው ጋ ይጨበጣል' ስትለኝ ኖረህ፣ የመጀመሪያ ውሸትህን ለሣረንስት ሰጠኸው?" ብላ ሳቀች።

ጋሽ ፖስታ ወንበር ስበው ከማሽኑ ፊት ተቀመጡ። ፊታቸውን ስታይ ሳቋ ጠፋ።

"ለመሆኑ ምን ያህላል የተረፈው?"

መዳፋቸውን ዘረጉላት። ባለቤታቸው አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አውርዳ፣ ልክ እንደ ደንበኛ፣ መዳፋቸውን ከዳር እስከ ዳር ለካች።

"ዘጠኝ ሳንቲም" አለች። "በዓለም ላይ ያለው ይሄው ነው?"

"ይሄው ነው።"

ሜትሩን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። "ነገም ቢጠይቁህ የለም በል" አለቻቸው።